ከሁለት እስከ ስድስት

«እሷ አልሰማችም፤ አደራሽን አንቺም እንዳትነግሪያት» ስትል ነው እናቴን የሰማኋት። እናቴ ውዴ ጆሮዋ ደከም ስላለ ስልክ የምታወራው ላውድ ላይ አድርጋ ነው፤ ምስጢር አለኝ ካለች ግቢው በሙሉ አብሯት ይካፈላል። ከወዲያ በኩል ዳንግላ የምትኖረው አክስቴ እቴናት ናት። «ልጁማ ሸሚዙን ተኩሼለት በጠዋት ወጥቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አሉ የሚያቀርበው» አለቻት፤ አክስቴም «እሰይ፣ እመቤቴ ትርዳው» አለች። እኔ ሱቁን ከጓዳው በምትለየው በር ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ሱቅ የምንለው የቤታችንን የፊት ክፍል ነው፤ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም አግዳሚ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ግማሽ ሰዓት ሦስት ብር፤ ቆሎ መብላት ክልክል ነው» የሚል የካርቶን ማስታወቂያ። ከቀትር በፊት ሰው የለበትም። ለዚህ ይሆናል መኖሬን ያላሰበችው። «እሷ» የተባልኩት እኔ ሰርክአዲስ ነኝ፤ «ልጁ» የተባለው ታላቅ ወንድሜ ሸጋው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያቀርበው ነገር ግን የእኔ ነው።

የእኔ ነው ስል ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ አለዚያ ሰው «ለጌም ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይለኛል። ልጆቹ «ቁፋሮ» ይሉታል። አሸናፊ የለው፣ ተሸናፊ የለው፤ መሬቱም ዛፉም ድንጋዩም በካሬ በካሬ የተቆረጠ ዓለም ነው፤ ትቆፍራለህ፣ ትደረድራለህ፣ የፈለግኸውን ትሠራለህ። ኮምፒውተሮቻችን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ ስለሆኑ ዊንዶውስ ሲጫንባቸው ጣር ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫንኩባቸው። ጨዋታውም ነጻ ነው። ግን እሱን ለማስነሣት ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ፤ አንዲት ፊደል ከተሳተች እምቢ። በመጨረሻ ሰለቸኝና ትእዛዞቹን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ። ልጁ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ቃልና ስሙን ይጽፋል፤ የቀረው የስክሪፕቱ ሥራ ነው። ማሽኑ የሚችለውን ያህል ብቻ ይጭንበታል፣ ከዚያ ቆሰበርን ይከፍትለታል። አዎ፣ ቆሰበርን! ልጆቹ ከተማችንን እንጅባራን፣ እኛ እስካሁን ቆሰበር የምንላትን፣ ሠርተዋታል። ዘንገና ሐይቅን ክብ አድርገው ቆፍረው ውሃ ሞልተውበታል፤ የፈረሰኞቹን ሜዳ ደልድለዋል፤ መናኸሪያው አለ፣ የቀርከሃ አጥሩ አለ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ቤት አለ። በሐይቁ ዳር ማን ቤት ይሥራ በሚለው በአዊኛም በአማርኛም ተሰዳድበው፣ በኋላ እኔን ሽማግሌ አድርገውኝ አስታርቄያቸዋለሁ።

አምና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና አንድ የቀበሌ ሰው መጡና «ልጆች ከክፍል እየፎረፉ የሚውሉት እዚህ ነው፤ እናሽገዋለን» አሉ። የሠፈራችን ልጆች የሚማሩት ጠዋት ነው። እናቴ አለቀሰች፤ ሸጋው «ይዘጋ በቃ፣ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን» አለ። እኔ ስክሪፕቱ ውስጥ ሰዓት አስገባሁበት። ከሁለት እስከ ስድስት ጨዋታው አይከፈትም፤ የሞከረ ሰው «የትምህርት ሰዓት ነው። ሂዱና ተማሩ።» የሚል ጽሑፍ ይወጣለታል። ልጆቹ የፈረንጅ ሰዓት ስለማይገባቸው የኮምፒውተሮቹን ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም ሁለት ይላል። ቆጠራውንም እስከ አሥራ ሁለት ብቻ አደረግሁት፤ እዚህ አገር «አሥራ አምስት ሰዓት ላይ እንገናኝ» የሚል ሰው አላየሁም። የማታው ሁለት ሰዓት እንደሆነ ከመድረሱ በፊት ሱቁን እዘጋለሁ። ርእሰ መምህሩ አንድ ጠዋት ራሳቸው መጥተው ሞከሩት፤ ጽሑፉን ሲያነቡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሱቁም በዚያው ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው የውድድሩ ወሬ የመጣው። ዳንግላ ላይ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ይታያል፤ ለተመረጠው ሰው እዚሁ እንጅባራ በስሙ ክፍል ይሰጠዋል፣ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይገቡለታል ተባለ። ቆርቆሮው የማያፈስ ክፍል! ልጆቹ አንዱ ባንዱ ጫንቃ ላይ ተንጠልጥለው የማያዩበት ክፍል! እኔ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብኩም። በሁለታችን ስም ልንመዘገብ፣ ሥራውን እኔ ላስረዳ፣ ሰዎቹን እሱ ሊያነጋግር ከሸጋው ጋር ተስማማን፤ እሱ አፍ አለው፣ እኔ ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። ሱቁ ሲዘጋ አግዳሚው ላይ እንደ ዳኛ ይኮፈስና «እስቲ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆጥረሽ አስረጂኝ» ይለኛል። አስረዳዋለሁ። «ይህችን ድገሚያት» ይለኛል። እደግማታለሁ። እኔ ሞኟ የሚያለማምደኝ መስሎኝ! ለካ እየተማረ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ መጣና «ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛውሯል» አለኝ። አመንኩት። ወንድም «ተዛውሯል» ሲል ማን ሄዶ ያጣራል? በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸው ነው።

እናቴ ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል አየችኝ። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው፤ የጾሙን ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምኑን ነው የማልሰማው እማዬ?»

አንዲት ጠጠር አነሣች፣ አገላብጣ አየቻት፣ ጣለቻት። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች። ከፋሲካ በኋላ ሸጋው ዳንግላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጅቱ ሜላት ትባላለች፤ አውቃታለሁ፣ ደግ ልጅ ናት። አባቷ ግን ቀደም ብለው ሰው ልከው «ሥራው ምንድን ነው?» ብለው አስጠይቀዋል። «ታዲያ ሽማግሎቹ ምን ይበሉ? ጌም ቤት ይበሉ?» አለች እናቴ። «ይህን ነገር ሠርቶ ተሸለመ፣ ክፍል ተሰጠው ሲባል ግን ሰው ሆነ ማለት ነው። ከነእህቱ ነው የሠራው ከተባለማ ምን ክብር አለው? አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ።»

ትወጫለሽ! ይህ ቃል ነው ያቃጠለኝ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቤቱን ያቆመው ያ የሚያፈስ ሱቅ ነው፤ የሸጋውን ጫማ፣ የእናቴን መድኃኒት፣ ያችን ሰፌድ ላይ ያለች ምስር ሳይቀር። ሱቁን ያቆመው ደግሞ እኔ የጻፍኩት ነገር ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በገዛ ቤቴ እንግዳ ነበርኩ፤ የምወጣበት ቀን ብቻ ነው ያልተነገረኝ። ሹራቤን ደረብኩና ቦርሳዬን አነሣሁ። «ወዴት ነው?» አለች። «ዳንግላ» አልኳት። ደጃፍ ስወጣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ልጆቹ ከነደብተራቸው ተኮልኩለዋል። «ሰርኬ፣ ክፈችልን እንጂ!» እያሉ ቀሚሴን ያዙ። ሌላ ቀን በስድስት ሰዓት ቁልፍ የማዞረው ለመክፈት ነው፤ ዛሬ ቆለፍኩት። አንዷ «ለቅሶ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀሚሴን አስለቅቄ አለፍኳት።

መናኸሪያ ስደርስ የዳንግላው ሚኒባስ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ረዳቱ «ዳንግላ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። አቤት ውሸት! ዛሬስ የሚዋሸኝ በዛ። አሥራ አምስት ብሬን ከፍዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከች አለች፤ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ይዛለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለራሷ እንዳይባል በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስ። አጠገቤ ተቀመጠች። የመጣችው ልታስቀረኝ ይሁን ልታጅበኝ አላወቅሁም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም። መኪናው እስኪሞላ ስምንት ሰዓት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተነጋገርነው «በረደሽ?» «አልበረደኝም» ብቻ ነው። እናቴ መኪና ላይ ስትሆን የማታነጋግረው ሰው የለም፤ የማንን ልጅ ማን እንዳገባው፣ ዘይት ስንት እንደገባ፣ ድንች ስንት እንደረከሰ ሳታወራ ዳንግላ ደርሳ አታውቅም። ዛሬ የፊት ወንበሩን ጀርባ እያየች ነው። እኔ ደግሞ ለከሰል የተተከለውን ዛፍ አያለሁ፤ ኮረብታው ሁሉ እሱ ሆኗል።

መንገዱ መሀል ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሾፌሩ ከሰል ሊጭን ቆመ። ማዳበሪያውን ጣራው ላይ በወረወሩት ቁጥር መኪናው ይናጣል፤ ብናኙ በመስኮት እየገባ የእናቴ ነጠላ ላይ ያርፋል። አላራገፈችውም። በዚያ መሀል ድንገት «ፍላሹን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ፍላሼን አንገቴ ላይ ነው የማስረው፤ ስክሪፕቱም ቆሰበርም ያሉት እሱ ላይ ነው፤ ከአንገቴ የሚወርደው ስታጠብ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ እናቴ «ነይ ፀጉርሽን ልጠብሽ» ብላ ውሃ አሙቃ ነበር። ካደግሁ ወዲህ አጥባኝ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ስለሆንኩ ደስ አለኝ። ሁለት ጊዜ አጠበችኝ። «ገና አልጠራም» እያለች ራሴን ስታሸኝ፣ ዓይኔን በሳሙናው ጨፍኜ «እማዬ ምን ነክቷት ነው ዛሬ እንዲህ የምትወደኝ?» እያልኩ ነበር። ሸጋው ያን ጊዜ ጓዳ ሆኖ ፍላሹ ላይ ያለውን ይገለብጣል።

«የሁለተኛው እጥበት ለእሱ ነው?» አልኳት።

«ቀስ ነው የሚገለብጠው አለኝ» አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምነው ዝም ባለች። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያችን እጥበት ግን ባትነካብኝ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ሸጋው ነው። የእኔን ስልክ አልደፈረም። «እማዬ! ሰርኬ አጠገብሽ አለች? ስጫት ቶሎ!» ድምፁ መኪናውን ሞላው። እናቴ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። መቼ እንደሰማሁ አልጠየቀኝ፣ ይቅርታ አላለኝ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ። «አልከፈትም አለ እኮ! ከቀትር በኋላ እያለን ‹የትምህርት ሰዓት ነው› ይለኛል! ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስሞክረው ከፍቶልኝ ነበር። ልጠራ ነው፣ የሰው መሳቂያ ልሆን ነው!»

ገና ሳይጨርስ ገባኝ። የያዘው ላፕቶፕ ከጓደኛው የተዋሰው ነው፤ «ለልምምድ» ብሎኝ ሊኑክሱን የጫንኩለት እኔው ነኝ፤ ሰዓቱን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የፈረንጅ ነው። የእኛ የጠዋት አራት እዚያ ላይ አሥር ነው፣ ስለዚህ ከፈተለት፤ የእኛ ዘጠኝ ግን ሦስት ነው። ስክሪፕቱ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ሦስት ሲያይ የጠዋቱ መስሎት ልጆቼን ትምህርት ቤት ይልካል። ሸጋው እያንዳንዷን መስመር አስደግሞኛል፤ ስለ ሰዓቱ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ሰዓትን ማን ይጠይቃል? ሳቄ መጣ። ከልቤ ሳቅሁ፤ ከሰል የሚጭኑት ሰዎች ሳይቀሩ ዞር አሉ። እናቴ ጉልበቴን ያዘች። «በሞቴ ሰርኬ፣ ንገሪው። ወንድምሽ ነው።»

ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት ብትጠይቁኝ፣ የሚሳቅበት እሱ ብቻ ሳይሆን ቆሰበርም ስለሆነች ነው። ደግሞም ወንድሜ ነው፤ ልጅ ሆኜ ውሻ ሲያባርረኝ አጥር ላይ አንሥቶ ያስቀመጠኝ እሱ ነው፤ ይህንስ እንዴት ልርሳው? ጥቁሩን መስኮት አስከፈትኩት፤ ሰዓቱን የሚቀይረውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፍኩት፤ «አሁን ዘጠኝ አድርገውና እንደገና አስነሣው» አልኩት። ከዚያ ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ «ኧረ! ዘንገና አይደለም እንዴ ያ?» አለ፤ ሌላው «መናኸሪያውን እዩት፣ መናኸሪያውን!» አለ፤ ጭብጨባ ሆነ። ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ። ልጆቼ ያን ጭብጨባ ቢሰሙ አልኩ። አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ላፕቶፑ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ጥቂት ቆይቶ ሰዓቱን ራሱ ወደ ፈረንጁ ይመልሰዋል። «ሸጋው፣ ኢንተርኔቱን አጥ…» ልል ስጀምር አንዲት ሴት፣ ዳኛ ትሁን ምን፣ «ማን ናት እንዲህ የምታዝህ?» ስትለው ሰማሁ። ስልኩን የዘጋው መስሎታል።

«ሱቅ የምትጠብቅልኝ ልጅ ናት» አለ ሸጋው። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

አፌን ዘጋሁ። ሚኒባሱ ሁሉ ሰምቷል። ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ሊሉ ጀምረው መልሰው ወደ ፊት አዩ። እናቴ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው፤ ቁልፉን ፈልጋ ማጥፋት አቅቷት ይሁን የሰማችውን መልሳ ልታፍነው አላውቅም። እህቴ ናት ቢል ምን ይቀንስበት ነበር? ረዳችኝ ቢል? እሺ እሱስ ሰው ፊት ነው፤ ሥራው እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነው። እኔ የጠበቅሁት እናቴን ነው። አንድ ቃል። «ውሸት ነው» ትላለች ብዬ፣ «ምን ማለቱ ነው ይህ ልጅ!» ትላለች ብዬ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ከሰሉ ተጭኖ አለቀ፤ መኪናው ተነሣ፤ ከተማዋን ለቀን ወጣን። «ሰው ፊት ሆኖ ነው እንጂ ከልቡ አይደለም» አለች በመጨረሻ። ውስጤ እንደ ከሰል ምድጃ ይፋጃል፤ እንባ ግን አልመጣልኝም።

ዳንግላ መናኸሪያ ስንወርድ ጋሪ ነጂዎቹ «አዳራሹ ጋ ነው? ገበያ ነው?» እያሉ ከበቡን። አዳራሹ ሩቅ አይደለም። ቁርጥ ሐሳብ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ገብቼ ሰው ሁሉ ፊት «የእኔ ነው» ልል፤ ጉልበቴ ቢከዳኝም ተቀምጬ ልናገር። አሁን ግን ገብቼ ምን ልባል ነው? «ሱቅ ጠባቂዋ መጣች» ልባል? ሳስብ የእናቴ ስልክ እንደገና ጮኸ።

«እማዬ! መልሶ እምቢ አለ! ዳኞቹ ራሳቸው ‹ዝጋውና አስነሥተህ አሳየን› ብለው ቆመውብኛል፤ መልሶ የትምህርት ሰዓት ነው ይላል! ስጫት፣ እባክሽ ስጫት!»

እናቴ ስልኩን ዘረጋችልኝ። ኢንተርኔቱን አጥፋው፣ ሰዓቱን መልሰህ ሙላው፤ በቃ፣ ይህችው ናት። አፌ ላይ ነበረች። ስልኩን አልተቀበልኳትም።

«እህቱ አይደለችም የምታውቀው» አልኳት። «የምታውቀው ሱቅ ጠባቂዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ዛሬ ሱቅ ዘግታለች በይው።»

ላውድ ላይ ስለሆነ መስማቱን ሰማ። «ሰርኬ…» አለ። ከኋላው ሰው ይስቅ ነበር። እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አየችኝ፤ ቁጣ ነው ስል ቁጣ አይደለም፣ ልመና ነው ስል ልመናም አይደለም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና አንዱን ጋሪ ጠርታ፣ ዳቦዋን ይዛ፣ በነጂው ትከሻ ተደግፋ ወጣች። «ወደ አዳራሹ» አለችው። ዳቦው ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈረሱ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ጀርባዋን አያለሁ፤ ነጠላዋ ላይ ያ የከሰል ብናኝ እንዳለ ነው። ትዞራለች አልኩ። ትዞርና «ነይ ልጄ፣ አብረን እንግባ» ትለኛለች፤ ባይሆን ስለዚያች እጥበት አንድ ነገር ትለኛለች አልኩ።

ዞረች። እጇን እንደ ጥላ ግንባሯ ላይ አድርጋ ፈለገችኝ፤ አገኘችኝ።

«ሰርኬ!» ብላ ጮኸች፤ «ሰዓቱን ስንት ያድርገው ልበለው?»

ፊቴን አዞርኩ። የቆሰበሩ ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ይህኛው ረዳት እውነቱን ነው። ገባሁ።